ለማይክሮዌቭ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር የባያስ ሰርኪዩት እንዴት ይሠራል፦ ከስሌቱ እስከ መጀመሪያው ማብሪያ

«ማቺንጉን በሚገባ ሠርቻለሁ፣ ሲሙሌሽኑም ቆንጆ ነው፣ ግን ቦርዱን ሳበራው ከረንቱ ዝም ብሎ ይዋዥቃል፣ ጌኑም (ማጉላቱም) የለም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ እየተመላለሰ ይደርሰኛል። መልሱ ብዙ ጊዜ ማቺንጉ (የግቤትና የውጤት ኢምፒዳንስን ማጣጣሙ) ላይ አይደለም፣ ባያሱ (ትራንዚስተሩን የሚያሠራው የዲሲ ቮልቴጅና ከረንት) ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሙሉውን ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሁን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙ። የባያስ ሰርኪዩት ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ለትራንዚስተሩ የተረጋጋ ዲሲ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ በምትሠሩበት ባንድ ላይ የሌለ ያህል ይሆናል፣ ማለትም ሲግናሉን አይነካም። ሦስተኛ፣ ከባንዱ ውጭ፣ በተለይ ከባንዱ በታች ባለው ፍሪኩዌንሲ፣ ትራንዚስተሩን ይይዘዋል። ሁለቱን ሁሉም ያስታውሳል። ሦስተኛው ይረሳል። ለ2.4 ጊጋኸርዝ የሠራችሁት አምፕሊፋየር 150 ሜጋኸርዝ ላይ የሚጮኸው (ማንም ሳያስገባለት ራሱ ሲግናል የሚያመነጨው) በዚህ ምክንያት ነው፤ ትራንዚስተሩ ታች ላይ ያለው ጌን እናንተ ከምትፈልጉት ባንድ ላይ ካለው እጅግ ይበልጣል፣ እዚያ ላይ ደግሞ የሚጠብቀው የለም።

ለምሳሌ የምንጠቀመው ይህን ነው፦ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ አነስተኛ ሲግናል፣ ኤንፒኤን ባይፖላር ትራንዚስተር፣ 5 ቮልት ሰፕላይ፣ ኮሌክተር ላይ 3 ቮልት፣ የኮሌክተር ከረንት 20 ሚሊአምፔር። ቤታው (የኮሌክተሩ ከረንት ለቤዙ ከረንት ሲካፈል) በአማካይ 100፣ የቤዝና ኤሚተር ቮልቴጁ 0.8 እንበል። የእናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ ስሌቱን በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት፣ መንገዱ አንድ ነው። ለፌት (በቤዝ፣ በኮሌክተርና በኤሚተር ፋንታ ጌት፣ ድሬይንና ሶርስ ላለው ትራንዚስተር) የሚለየውን በቦታው እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማይክሮዌቭ ትራንዚስተሩና ዳታሺቱ። ዳታሺቱ የኤስ ፓራሜትር (ትራንዚስተሩ በየፍሪኩዌንሲው ሲግናልን እንዴት እንደሚያሳልፍና እንደሚመልስ የሚገልጹ ቁጥሮች) ሰንጠረዥ ያለው ይሁን።
- ለአክቲቭ ባያስ (እርምጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ) አንድ ተራ ፒኤንፒ ትራንዚስተር። ፈጣን መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ዘገምተኛ ቢሆን ይሻላል።
- ሰርፌስ ማውንት ሬዚስተሮች፦ 10 ኦም፣ 47 ኦም፣ 100 ኦም፣ 4.7 ኪሎኦም፣ 5.1 ኪሎኦም።
- ካፓሲተሮች፦ ጥሩ ጥራት ያለው 8.2 ፒኮፋራድ፣ 1 ናኖፋራድ፣ 10 ናኖፋራድ፣ 100 ናኖፋራድ፣ 10 ማይክሮፋራድ።
- 33 ናኖሄንሪ ኢንዳክተር ሁለት፣ ወይም በቦርዱ ላይ የምትስሉት ሩብ ሞገድ መስመር።
- የከረንት ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ መልቲሜትር፣ ሁለት ባለ 50 ኦም ተርሚኔሽን።
- ስፔክትረም አናላይዘር። ኔትወርክ አናላይዘርም ካለ በጣም ጥሩ።
- ሲሙሌተር። የኤስ ፓራሜትር ፋይል የሚያነብ ማንኛውም ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

የማይክሮዌቭ ትራንዚስተር ቤዝና ጌት በስታቲክ ቶሎ ይሞታል። የእጅ አንጓ ማሰሪያውን አድርጉ፣ የመበየጃው ጫፍም ግራውንድ የተደረገ ይሁን።

ትራንዚስተራችሁ ዲፕሊሽን ፌት ከሆነ፣ ብዙዎቹ የጋሊየም ናይትራይድ ክፍሎች እንደዚህ ናቸው፣ የጌቱ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ሳይገባ ድሬይኑን በፍጹም እንዳታበሩ። ጌቱ ዜሮ ቮልት ላይ ሲሆን ይህ ዓይነት ትራንዚስተር ሙሉ ከረንት ያሳልፋል። 28 ወይም 50 ቮልት ድሬይን ላይ ካለ ለመቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም።

1. የሥራ ነጥቡን ምረጡ

የኮሌክተር ቮልቴጅንና ከረንትን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ዳታሺቱ የኤስ ፓራሜትር ሰንጠረዥ ከሰጠባቸው ነጥቦች አንዱን ውሰዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማቺንጋችሁ የሚሰላው በእነዚያ ቁጥሮች ነው፣ ከረንቱ ሲቀየር ቁጥሮቹም ይቀየራሉ። ሰንጠረዡ ለ20 ሚሊአምፔር ሆኖ እናንተ በ8 ብትሠሩ ማቺንጉ የሌላ ትራንዚስተር ማቺንግ ሆነ ማለት ነው።

ለአነስተኛ ኖይዝ ከሆነ ዝቅ ያለ ከረንት ምረጡ። በፌት ላይ የተለመደው መነሻ ከሙሉው የድሬይን ከረንት ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ነው። ለክላስ ኤ ፓወር ግን ወደ ግማሹ ትጠጋላችሁ፣ ምክንያቱም ሲግናሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል መወዛወዝ አለበት።

ሙቀቱንም እዚሁ አስሉ። 3 ቮልት በ20 ሚሊአምፔር 60 ሚሊዋት ነው። የፓኬጁ የሙቀት መቋቋሚያ 300 ዲግሪ በዋት ቢሆን ቺፑ ከአካባቢው 18 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። ይህ አያሳስብም። 28 ቮልት በ200 ሚሊአምፔር ግን 5.6 ዋት ነው፣ ያውም ሲግናል ሳይገባ። እዚያ ላይ ሂት ሲንክ ሳታስቡ ወደ ቀጣዩ እርምጃ አትሂዱ።

2. የዲሲውን አሠራር ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከሰፕላዩ ወደ ቤዝ አንድ ሬዚስተር ብቻ ማድረግ ነው። በምሳሌያችን 4.2 ቮልት ለ0.2 ሚሊአምፔር ሲካፈል 21 ኪሎኦም ይሆናል። አታድርጉት። ቤታው 60 የሆነ ትራንዚስተር ቢደርሳችሁ ከረንቱ 12 ሚሊአምፔር ይሆናል፣ 200 ቢሆን ደግሞ 40። ትራንዚስተሩ ሲሞቅ ቤታው ስለሚጨምር ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል።

ሁለተኛው የቤዙን ሬዚስተር ከኮሌክተሩ በኩል መውሰድ ነው። ከ5 ቮልት 100 ኦም ወርዶ የኮሌክተሩ ዲሲ የሚመገብበት ነጥብ ላይ 3 ቮልት ይገኛል፣ ከዚያ ነጥብ 11 ኪሎኦም ወደ ቤዝ ይሄዳል። ከረንቱ ሊጨምር ሲል የ100 ኦሙ ላይ ያለው የቮልቴጅ ውድቀት ያድጋል፣ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ቤዙ የሚያገኘው ከረንት ይቀንሳል። ራሱን ያርማል። አሁን ቤታ 60 ሲሆን 14.7 ሚሊአምፔር፣ 200 ሲሆን 27 ሚሊአምፔር ይመጣል። ከ12 እስከ 40 የነበረው ከ15 እስከ 27 ገባ ማለት ነው፣ ያውም ክፍል ሳይጨመር። ለሙከራና ለአንድ ሁለት ቦርድ ይህ በቂ ነው።

ሦስተኛው አክቲቭ ባያስ ነው። ብዙ ቦርድ የምትሠሩ ከሆነ ወይም ቦርዱ ብርድና ሙቀት ላይ የሚውል ከሆነ ወደዚህ ሂዱ። እኔ ከሁሉም የማምነው ይህንን ነው።

በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መጻሕፍት የምታዩት ኤሚተር ላይ ሬዚስተር የማድረግ ዘዴ የት ሄደ ትሉ ይሆናል። ለዲሲ ግሩም ነው። በማይክሮዌቭ ግን ያንን ሬዚስተር የሚያልፍ ካፓሲተር ያስፈልጋል፣ ካፓሲተሩም ቪያውም (በቦርዱ ውስጥ አልፎ ወደ ግራውንድ የሚወስደው ቀዳዳ) የራሳቸው ኢንዳክታንስ አላቸው፣ ኤሚተር ላይ ያለች ትንሽ ኢንዳክታንስ ደግሞ ጌን ትበላለች፣ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይም ትራንዚስተሩን ልታስጮኸው ትችላለች። ስለዚህ ኤሚተሩን ቀጥታ ግራውንድ አድርጉት።

3. አክቲቭ ባያሱን አስሉ

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ5 ቮልት አንድ መለኪያ ሬዚስተር ይወርዳል። የሬዚስተሩ ታችኛው ጫፍ ከፒኤንፒው ኤሚተር ጋር ይገናኛል፣ የማይክሮዌቭ ትራንዚስተሩ ኮሌክተርም ዲሲውን የሚያገኘው ከዚሁ ነጥብ ነው። የፒኤንፒው ቤዝ በሁለት ሬዚስተር የተከፋፈለ ቋሚ ቮልቴጅ ላይ ይቀመጣል። የፒኤንፒው ኮሌክተር ደግሞ የማይክሮዌቭ ትራንዚስተሩን ቤዝ ይመግባል።

መለኪያው፦ (5 − 3) ÷ 20 ሚሊአምፔር = 100 ኦም።

የፒኤንፒው ቤዝ፦ 3 − 0.65 = 2.35 ቮልት መሆን አለበት። ከላይ 5.1 ኪሎኦም፣ ከታች 4.7 ኪሎኦም አድርጉ። 2.4 ቮልት ያህል ይሰጣል፣ ኤሚተሩ 3.05 ላይ ይቀመጣል፣ ከረንቱም 19.5 ሚሊአምፔር ይሆናል። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ቅርብ ነው። ሁለቱ ሬዚስተሮች ውስጥ ግማሽ ሚሊአምፔር ይሄዳል፣ ፒኤንፒው ከእሱ የሚወስደው አንድ ማይክሮአምፔር ገደማ ስለሆነ የፒኤንፒው ቤታ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ከፒኤንፒው ኮሌክተር ወደ ቤዝ የሚሄደው መስመር ላይ 4.7 ኪሎኦም አስገቡ። ይህ የመከላከያ ሬዚስተር ነው። ሰርኪዩቱ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ቤዙ ከግማሽ ሚሊአምፔር በላይ አያገኝም። ቤታው 60 የሆነ ትራንዚስተር የሚፈልገውን 0.33 ሚሊአምፔር ግን ሳይቸገር ያሳልፋል።

ሙቀትስ? የፒኤንፒው የቤዝና ኤሚተር ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል። 50 ዲግሪ ሲጨምር 100 ሚሊቮልት ነው፣ በ100 ኦም ላይ ደግሞ 1 ሚሊአምፔር። አምስት ፐርሰንት። ይህም ከበዛባችሁ ከ5.1 ኪሎኦሙ ጋር በተከታታይ እንደ ዳዮድ የተገናኘ ተመሳሳይ ፒኤንፒ ጨምሩና የታችኛውን ሬዚስተር እንደገና አስሉ። ሁለቱ አብረው ስለሚሞቁ ለውጡ አብዛኛው ይጠፋፋል። ታዲያ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አንዱ ከቦርዱ ዳር ሌላው ከመሃል ከሆነ ጥቅም የለውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ይህ ሰርኪዩት ፊድባክ ሉፕ ነው፣ ሉፕ ደግሞ ራሱ ሊጮህ ይችላል፣ በኪሎኸርዝ ፍሪኩዌንሲ። በመለኪያው ነጥብ ላይ ያለው ካፓሲተርና ቤዙ ላይ ያለው ካፓሲተር እያንዳንዳቸው ምልክቱን ያዘገያሉ፣ ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ መዘግየታቸው ተደምሮ ሉፑን ያወዛውዘዋል። መፍትሔው አንዱን በጣም ትልቅ፣ ሌላውን በጣም ትንሽ ማድረግ ነው። በመለኪያው ነጥብ 10 ማይክሮፋራድ፣ በቤዙ በኩል ከ10 ናኖፋራድ እንዳይበልጥ። «ለማንኛውም ይሁን» ብላችሁ ቤዙ ላይም 10 ማይክሮፋራድ እንዳትለጥፉ።

4. ፌት ከሆነ

ኤንሃንስመንት ፌት ከሆነ ጌቱ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ከላይ ያለው አክቲቭ ባያስ ይሠራል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ ጌቱ ከረንት አይወስድም፣ ስለዚህ ከፒኤንፒው ኮሌክተር ወደ ግራውንድ አንድ ሬዚስተር ያስፈልጋል። የፒኤንፒው ከረንት በዚያ ሬዚስተር ላይ የጌቱን ቮልቴጅ ይፈጥራል። ካላደረጋችሁት ጌቱ የሚወርድበት መንገድ የለውም፣ ሽቅብ ብቻ ይሄዳል።

ዲፕሊሽን ፌት ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። ለአነስተኛ ሲግናል ሶርሱ ላይ ሬዚስተር አድርጋችሁ ጌቱን በዲሲ ግራውንድ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ጌቱ −0.5 ቮልት ሲሆን 20 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ከሆነ 25 ኦም ነው። ግን ቅድም ስለ ኤሚተር ኢንዳክታንስ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል፣ ስለዚህ በሶርሱ ሁለት ጎን ሁለት ካፓሲተር አድርጉ። ለፓወር ግን የተለየ ኔጋቲቭ ሰፕላይ ተጠቀሙ፣ ቅደም ተከተሉንም በሰርኪዩት አስገድዱት እንጂ በእጃችሁ ላይ አትመኩ። ስታበሩ መጀመሪያ ጌቱ በደንብ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ድሬይኑ ይገባል፣ ከዚያ ከረንቱ የሚፈለገው እስኪደርስ ጌቱ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስታጠፉ ድሬይኑ ይቀድማል። ድሬይኑ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች እስኪወርዱ ጠብቁና ነው ጌቱን የምታነሱት።

5. ዲሲውን ወደ መስመሩ የሚያስገባውን መንገድ ሥሩ

ዲሲው ይግባ፣ ሲግናሉ ግን አይውጣ። ለዚህ ሁለት አማራጭ አለ።

ኢንዳክተር (ቾክም ይባላል)፦ በባንዱ ላይ ከ50 ኦም አሥር እጥፍ ያህል መቃወም አለበት። 33 ናኖሄንሪ በ2.4 ጊጋኸርዝ 498 ኦም ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን የኢንዳክተሩን ሴልፍ ሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲ (ከራሱ ጥቂት ካፓሲታንስ ጋር የሚቃኝበትን) ዳታሺቱ ላይ እዩ። ሬዞናንሱ ባንዳችሁ አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ደስ ይላል፣ እዚያ ላይ ተቃውሞው ከስሌቱም ይበልጣል። ከሬዞናንሱ በላይ ግን ኢንዳክተሩ ካፓሲተር ሆኖ ነው የሚታየው። «ትልቅ ቾክ ይሻላል» ብሎ 1 ማይክሮሄንሪ የሚያስገባ ሰው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያስቀመጠው ካፓሲተር ነው። ዲሲ ከረንቱን የሚችል መሆኑንም አረጋግጡ።

ሩብ ሞገድ መስመር፦ በአየር ላይ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 125 ሚሊሜትር ነው፣ ሩቡ 31.25። በኤፍአር 4 ቦርድ ላይ የመስመሩ ኢፌክቲቭ ፐርሚቲቪቲ 3.2 ቢሆን በስሩ ይካፈላልና 17.5 ሚሊሜትር ይመጣል። የመስመሩ አንድ ጫፍ በካፓሲተር ግራውንድ ሲደረግ ሌላኛው ጫፍ ክፍት ሆኖ ይታያል፣ ስለዚህ ሲግናሉ በዚያ በኩል አይሄድም። መስመሩን ቀጭን አድርጉት፣ ቀጭን መስመር የሚሠራበት ባንድ ሰፋ ይላል። ግን ከረንቱን መሸከም አለበት፣ ፓወር አምፕሊፋየር ላይ በጣም ቀጭን መስመር እንደ ፊውዝ ይበጠሳል። ርዝመቱን ስትለኩ እስከ ካፓሲተሩ ድረስ ቁጠሩ፣ የካፓሲተሩ ፓድ ርዝመትም የመስመሩ አካል ነው።

የቱ ይሻላል? ከ3 ጊጋኸርዝ በታች ቦታ ለመቆጠብ ኢንዳክተር። ከ5 ወይም 6 በላይ መስመር። 10 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከሆናችሁ በካፓሲተሩ ፋንታ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ራዲያል ስተብ ሳሉ፣ እዚያ ላይ የካፓሲተሩን ኢንዳክታንስ መቆጣጠር ይከብዳል። በመሃል ያለው ላይ ሁለቱም ያስኬዳል።

6. ከቾኩ ጀርባ ያለውን ካፓሲተር በሬዞናንሱ ምረጡ

ቾኩ ወይም መስመሩ የሚያልቅበት ነጥብ ለሲግናሉ ግራውንድ መሆን አለበት። እዚህ የምታደርጉት ካፓሲተር የሚመረጠው በትልቅነቱ ሳይሆን በሴልፍ ሬዞናንሱ ነው።

ቁጥሩን እዩት። አንድ ትንሽ ሰርፌስ ማውንት ካፓሲተር ከነፓዱ ግማሽ ናኖሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው እንበል። 8.2 ፒኮፋራድ ከዚህ ጋር 2.5 ጊጋኸርዝ ላይ ሬዞናንስ ያደርጋል፣ ማለትም በባንዳችሁ ላይ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሾርት ነው። 100 ናኖፋራዱ ግን ሬዞናንሱ 22 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚታየው 7.5 ኦም የሚያህል ኢንዳክተር ሆኖ ነው። ስለዚህ 8.2 ፒኮፋራዱ ከቾኩ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ የራሱ ቪያ ይኖረዋል። ትልልቆቹ ራቅ ብለው ይሰለፋሉ።

7. ከባንዱ በታች ትራንዚስተሩን ያዙት

ከዚህ መመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ወደ 300 ሜጋኸርዝ ስትወርዱ ምን እንደሚሆን አስቡ። 33 ናኖሄንሪው 60 ኦም ገደማ ብቻ ነው። 8.2 ፒኮፋራዱ ሾርት መሆኑን አቁሟል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው 306 ሜጋኸርዝ ላይ ሬዞናንስ ያደርጋሉ። ቤዙ ላይም ኮሌክተሩ ላይም አንድ ዓይነት ክፍል ከተጠቀማችሁ፣ ግቤቱም ውጤቱም ወደ አንድ ፍሪኩዌንሲ የተቃኘ፣ በመሃሉ ከፍተኛ ጌን ያለው ትራንዚስተር የተቀመጠበት ሰርኪዩት ሠርታችኋል። ይህ ኦሲሌተር ነው፣ ማለትም ራሱ የሚጮህ ሰርኪዩት።

መድኃኒቱ አንድ ሬዚስተር ነው። በቤዙ በኩል ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከመስመሩ ቾክ፣ ከቾኩ ጫፍ 8.2 ፒኮፋራድ ወደ ግራውንድ፣ ከዚያ በተከታታይ 47 ኦም፣ ከ47 ኦሙ ቀጥሎ 10 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ፣ ከዚያ 4.7 ኪሎኦሙና ፒኤንፒው።

ለምን ይሠራል? በ2.4 ጊጋኸርዝ 8.2 ፒኮፋራዱ ሾርት ስለሆነ ከጀርባው ያለውን 47 ኦም ሲግናሉ አያየውም፣ ኖይዙም አይጨምርም። ታች ላይ ግን ቾኩ እንደ ሽቦ ይሆናል፣ 8.2 ፒኮፋራዱ እንደሌለ ይሆናል፣ 10 ናኖፋራዱ ደግሞ ሾርት ነው። ስለዚህ ትራንዚስተሩ የሚያየው 47 ኦም ነው። ጌኑ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ላይ ጥሩ ጭነት ያገኛል ማለት ነው።

በኮሌክተሩ በኩልም እንዲሁ አድርጉ፣ ግን 20 ሚሊአምፔሩ ሁሉ በሬዚስተሩ ስለሚያልፍ 10 ኦም ይበቃል። 0.2 ቮልት ይወስዳል፣ ኮሌክተሩ 2.85 ላይ ይቀራል። ይህ ካላስደሰታችሁ የመለኪያውን ነጥብ በ0.2 ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አስሉ። ከ10 ኦሙ ጀርባ 1 ናኖፋራድ፣ 100 ናኖፋራድ፣ 10 ማይክሮፋራድ በቅደም ተከተል። ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ የአንዱ ኢንዳክታንስ ከሌላው ካፓሲታንስ ጋር ተቃራኒ ሬዞናንስ ሊፈጥርና በመሃል አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ግራውንዱ ሊጠፋ ይችላል፤ 10 ኦሙ ይህንንም ያደክመዋል።

8. ዲሲ ማገጃዎቹ

ግቤትና ውጤት ላይ 8.2 ፒኮፋራድ በተከታታይ። ምርጫው እንደ ቅድሙ በሬዞናንስ ነው። ትንሽ መሆኑ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ እንዳያልፍ ይረዳል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ 100 ሜጋኸርዝ ላይ 194 ኦም ስለሆነ ትራንዚስተሩ ከውጭ ያለውን 50 ኦም እዚያ ላይ በደንብ አያገኘውም። እርምጃ 7ን የግድ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

9. ግራውንዱን አጥብቁ

0.3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ቪያ በ1.6 ሚሊሜትር ቦርድ ውስጥ 1.3 ናኖሄንሪ ገደማ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 20 ኦም ይጠጋል። ኤሚተራችሁን ግራውንድ አደረግሁ ስትሉ በ20 ኦም አንጠልጥላችሁታል። ቦርዱ 0.8 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 0.54 ናኖሄንሪ፣ 8 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ ቀጭን ቦርድ ተጠቀሙ፣ በእያንዳንዱ የኤሚተር እግር ሥር ሦስት አራት ቪያ በተቻለ መጠን ወደ እግሩ ተጠግቶ ይሁን። የባያስ ካፓሲተሮች ቪያ ከኤሚተሩ ጋር አይጋራ። የቤዙና የኮሌክተሩ ባያስ መስመሮች ጎን ለጎን አይሂዱ፣ ቢቻል በሲግናሉ መስመር ተቃራኒ ጎኖች ይቀመጡ። ቾኮቹም ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቀመጡ፣ ትይዩ ከሆኑ እርስ በርስ ይገናኛሉ።

10. ባያሱን ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገቡ

ትራንዚስተሩን ብቻውን አታስመስሉ። ቾኩን፣ ሁሉንም ካፓሲተሮች ከነኢንዳክታንሳቸው፣ ቪያዎቹን፣ 47 ኦሙንም አስገቡ። ከዚያ የስታቢሊቲ ፋክተሩን (ሚው የሚባለውን፣ አምፕሊፋየሩ እንደማይጮህ የሚያሳየውን ቁጥር) ተመልከቱ፣ ግን ከ2.3 እስከ 2.5 ጊጋኸርዝ ብቻ አይደለም፤ የኤስ ፓራሜትር ፋይላችሁ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ድረስ። ሚው ከ1 በላይ መሆን አለበት፣ በሁሉም ቦታ። ታች ላይ ከ1 ከወረደ የቤዙን 47 ኦም ወይም የኮሌክተሩን 10 ኦም ቀይሩ። ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ከወረደ ቪያዎቹን ተመልከቱ።

አንድ ልማድ፦ ባያሱን እንከን በሌለው (አይዲያል) ቾክ ተክታችሁ ጌኑን እዩ፣ ከዚያ በእውነተኛው እዩ። በባንዱ ላይ ልዩነቱ ከ0.1 ወይም 0.2 ዴሲቤል ካለፈ ባያሱ ሲግናሉን እየነካ ነው፣ ወደ እርምጃ 5 ተመለሱ።

11. የመጀመሪያው ማብሪያ

ሁለቱንም በር በ50 ኦም ዝጉ። ሲግናል አታስገቡ። የሰፕላዩን ገደብ 30 ሚሊአምፔር ላይ አድርጉና ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ወደ 5 ቮልት ውጡ።

ከረንቱን ለማወቅ የ100 ኦሙን ሁለት ጫፍ ለኩ። ወደ 2 ቮልት ካያችሁ 20 ሚሊአምፔር ነው። የመልቲሜትሩን መንካኪያ ቀጥታ ቤዝ ወይም ኮሌክተር ላይ አታሳርፉ፣ ገመዱ አንቴና ሆኖ ደህናውን አምፕሊፋየር ሊያስጮኸው ይችላል። ከቾኩ ጀርባ ለኩ፣ እዚያም ቢሆን በመንካኪያው ጫፍ ላይ 10 ኪሎኦም አድርጉ።

ቁጥሩ ከስሌቱ ብዙ ከራቀና ሬዚስተሮቹ ትክክል ከሆኑ ኦሲሌሽን ጠርጥሩ። ሲጮህ ቤዙ ሲግናሉን ወደ ዲሲ ይቀይረዋል፣ የሥራ ነጥቡም ከቦታው ይንሸራተታል። እጃችሁን ወደ ቦርዱ አስጠጉ፤ ከረንቱ ከተነቃነቀ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ይህን ግን ከፍተኛ ቮልቴጅና ፓወር ያለው ቦርድ ላይ አትሞክሩት።

12. ጸጥታውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሲግናል

ስፔክትረም አናላይዘሩን ውጤቱ ላይ አድርጉና ሊያሳይ ከሚችለው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጀምሩ። ዲሲ ማገጃው ከፊቱ እንዳለ አረጋግጡ። ምንም መታየት የለበትም። ከዚያ የግቤቱን 50 ኦም አንስታችሁ ክፍት ተዉት፣ ሾርት አድርጉት፣ ገመድ ሰክታችሁ ጫፉን ክፍት ተዉት። በሁሉም ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። በሙቅ አየር አሙቁትና ከረንቱን ተከታተሉ። አሁን ሲግናል አስገቡ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ሰፕላዩ ራሱ የራሱ ካፓሲተር ስላለው ቦርዱ ላይ ትልልቆቹን መተው። ገመዱ ኢንዳክተር ነው፣ 10 ማይክሮፋራዱ ቦርዱ ላይ መሆን አለበት።

ከሌላ ባንድ የተወሰደ ሰርኪዩት ላይ ማቺንጉን ብቻ መቀየር። የ900 ሜጋኸርዝ ቾክና ካፓሲተር 2.4 ላይ አይሠሩም፣ ባያሱም አብሮ ይቀየራል።

ፌራይት ቢድን በ8.2 ፒኮፋራዱ ፋንታ እንደ ዋና ማጣሪያ ማመን። ቢድ ለዝቅተኛው ክፍል ይረዳል፣ በጊጋኸርዝ ላይ ግን ግራውንድ የሚሰጣችሁ ካፓሲተሩ ነው።

ሁለት ደረጃ ያለው አምፕሊፋየር ላይ ሁለቱንም ኮሌክተሮች ከአንድ ነጥብ መመገብ። የሁለተኛው ሲግናል በሰፕላዩ መስመር ተመልሶ የመጀመሪያውን ያገኛል። ለእያንዳንዱ የራሱ 10 ኦምና የራሱ ካፓሲተሮች ይኑሩት።

ኦሲሌሽኑ ጠፍቶ ጌኑ ከሲሙሌሽኑ በ1 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ወዲያው ማቺንጉን መነካካት። መጀመሪያ ከረንቱን እንደገና ለኩ። ትክክል ከሆነ 8.2 ፒኮፋራዱን ከቾኩ ጫፍ ምን ያህል እንዳራቃችሁት እዩ። ሁለት ሚሊሜትር ተጨማሪ መስመር በዚህ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ አይደለም፤ አንስታችሁ አስጠጉትና እንደገና ለኩ።